ሁለቱም በርተዋል፣ ጋሽ ኃይሉ

በዚያ ዝናባማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከብስራተ ገብርኤል ዝቅ ብሎ ባለው በጋሽ ኃይሉ የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ጋሽ ኃይሉ ራሳቸው፤ ምሳ ይዘው የመጡት ባለቤታቸው እትዬ ውድነሽ፤ ከጎን ጎማ የሚሠራው ከድር፤ አሮጌዋን ቮልስ መኪናችንን ከልጄ የገዛው ሰለሞን፤ የሰለሞን ታናሽ ወንድም ደምሴ፤ ልጄ ናትናኤል፤ እኔም የናትናኤል እናት። ሌላ ሰው አልነበረም። በር ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ የመጣው በኋላ፣ ጩኸት ሰምቶ ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው «እኔም እዚያ ነበርኩ» የሚል ሰው ስለበዛና ሁሉም የየራሱን ስለሚያወራ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች ጋሽ ኃይሉ ዛሬ በሕይወት የሉም። በዚያ ቅዳሜ ጭንቅላታቸውን በብረት ተመትተው፣ ሆስፒታል ጥቂት ቀናት ከሞት ጋር ታግለው ዐርፈዋል። ቀብራቸው ላይ ያልነበራችሁ እንድታውቁት፣ አስከሬናቸውን ያጀበው መኪና ሁሉ በጠራራ ቀን የፊት መብራቱን አብርቶ ነው የሄደው። እንዲህ አድርጉ ያለ ሰው አልነበረም። በእጃቸው ያለፈ መብራት የያዘ ሹፌር ሁሉ በራሱ አበራ።

እትዬ ውድነሽ በአርባቸው የሚነበብ ነገር እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ «እትዬ፣ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ደህና አድርጎ የሚጽፍ ሰው ይፈለግ» ብያቸው ነበር። «መሪው ጋ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ያየሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ስለዚህ ያየሁትን እጽፋለሁ። ያላየሁትን አላየሁም እላለሁ።

ጋሽ ኃይሉ የመኪና ኤሌትሪክ ሠሪ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ በወጣትነታቸው ባትሪ ፈንድቶ ያቃጠላቸው ጠባሳ ያለባቸው ሰው ነበሩ። አሮጌ መኪና ይወዱ ነበር። አዲሶቹን «እነዚህ ሲታመሙ በኮምፒውተር ነው የሚናገሩት፤ አሮጌዋ ግን እንደ ሰው ታቃስታለች» ይሉ ነበር። ዋናው መሣሪያቸው ከትንሽ አምፖልና ከሁለት ገመድ ራሳቸው የሠሩት መፈተሻ ነው። መብራት የጠፋበት ሰው አምፖል ገዝቶ ሲመጣ አምፖሉን ተቀብለው ወንበር ላይ ያስቀምጡና «ቆይ፣ አትገምት» ይላሉ። «ከባትሪው ተነሥተህ እስከ አምፖሉ ሂድ። ከአምፖሉ ደግሞ ወደ ባትሪው ተመለስ። ሰው ሁሉ መሄጃውን ይፈትሻል፤ መመለሻውን የሚያይ የለም።» ኤሌትሪክ በገመድ ሄዶ በመኪናው ገላ በኩል እንደሚመለስ እኔም የተማርኩት ከእርሳቸው ነው።

ሰውንም እንደዚያው ነበር የሚያዩት። አንድ ቀን ከጋራዡ ፊት ለፊት፣ የመኪና ስፖኪዮ ሰርቋል የተባለ ወጣት ሕዝብ ይዞት ሲደበድበው አይቻለሁ። ድንጋይ ያነሣ አለ፣ ቀበቶውን የፈታ አለ። አንዱ በጫማው ፊቱን ሲረግጠው ጥርሱ ሲሰበር እኔ ከቆምኩበት ይሰማ ነበር። ጋሽ ኃይሉ መፈተሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወጡ፤ ሰው እየገፉ ገቡና ልጁ ላይ ተኙበት። የተወረወረው ድንጋይ ጎናቸውን መትቶ አጥንታቸውን ሰበረው። አልተነሡም። ሕዝቡ አፍሮ ይሁን ደክሞት ሲበተን ከድር እያነሣቸው «ጋሼ፣ ሌባ ቢሆንስ ኖሮ?» አላቸው።

«ቢሆንስ? ሰው ፊውዝ ነው እንዴ ተነቅሎ የሚጣለው?» አሉት፤ መተንፈስ እያቃታቸው። ከዚያ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ተናገሩ። «ሳትፈትሽ አትምታ። ፈትሸህ ካገኘኸው ደግሞ መምታት አያስፈልግህም።»

የሟቹን ባለቤቴን ነገርም መጻፍ አለብኝ፤ ነፍሱን ይማረውና። ቮልሷን የገዛት እሱ ነው። በደህና ቀኑ ተጫዋች ሰው ነበር። ጠጥቶ ሲገባ ግን እጁ ከባድ ነው። ናትናኤል ገና ሕፃን ሳለ የበሩን ቁልፍ ሲሰማ አልጋ ሥር መግባት ለምዶ ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ ጋሽ ኃይሉ ዘንድ መኪናውን እያሠራ፣ የረሳውን የቤት ቁልፍ ልሰጠው ልጄን ይዤ ሄድኩ። መንጋጋዬ አብጦ በነጠላ ሸፍኜዋለሁ። ጋሽ ኃይሉ አዩኝ። የመኪናዋን ቁልፍ አወጡና ቱታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«መብራትህ ተሠርቷል። የሚስትህ ፊት እስኪድን ግን ቁልፉ እኔ ዘንድ ይቆያል» አሉት።

«አንተ በትዳሬ ምን አገባህ?» አለና አፋቸውን በቡጢ መታቸው። ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ደሙ አገጫቸው ላይ ወረደ። በእጅጌያቸው ጠርገው ቆሙ።

«ጨምር። እዚሁ ጨርሰህ ቤትህ ባዶ እጅህን ግባ» አሉት።

ባለቤቴ ደገማቸው። በሦስተኛው እጁ ተነሥቶ አየር ላይ ቀረ፤ አውርዶት ሄደ። ፊቴ እስኪድን ድረስ በእግሩ ነበር የሚገባው። ከዚያ ወዲህ መማታቱን ጭራሽ ተወ ብዬ አላሳምረውም፤ ግን ቀነሰ። ልጄ ያን ቀን ቀሚሴን ይዞ ሁሉንም አይቷል። ካደገ በኋላ አንዳንዴ እጁን ዘርግቶ እያየ «እማዬ፣ እጄ የአባዬን አይመስልም?» ይለኝ ነበር። «ጣቶችህ የእኔ ናቸው» እለዋለሁ። አላምን ብሎኝ ኖረ።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ቮልሷ ጀሞ ኮንዶሚኒየማችን ሥር ሸራ ለብሳ ቆመች። ናትናኤል የታክሲ ሹፌር ነው፤ በእረፍቱ እየነካካ አስነሣት። ሰማያዊ ቀለም አስቀባትና ፉሪ ለሚኖረው ለሰለሞን ሸጠለት። ስታምር ለጉድ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ነው የሸኛት።

ብዙም ሳይቆይ ሰለሞን ትንሽ ሴት ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ወደ ፉሪ ሲመለስ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጉድጓድ ነካ። ሁለቱም የፊት መብራቶች አንድ ላይ ጠፉ። መኪናዋ ቦይ ውስጥ ገባች፤ የፊት መስታወቱ ተሰብሮ የልጅቷን ፊት ከግንባሯ እስከ ጉንጯ ተረተረው። ሄጄ አይቻታለሁ። አንድ ዓይኗ በፋሻ ታስሮ፣ በሌላው እያየችኝ ብስኩት ትበላ ነበር። ሰለሞን በር ድረስ ሸኘኝና «እትዬ፣ ልጅዎ እያወቀ ነው የሸጠልኝ» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ያ ነው ያስፈራኝ።

በእኛ አካባቢ በመኪና የተጣላ ሰው ጣቢያ ከመሄዱ በፊት ጋሽ ኃይሉ ዘንድ ይመጣል። ሥርዓት ነበራቸው። ገዢና ሻጭ በአንድ አግዳሚ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ፍተሻው እስኪያልቅ አይነሡም፤ መኪናውንም አይነኩም። እርሳቸው ያገኙትን ሁሉ፣ ለማንም ቢጠቅም ማንንም ቢጎዳ፣ በዚያው ቅጽበት ጮክ ብለው ይናገራሉ። መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋው ደግሞ ሁለቱም የተስማሙበት ሰው ነው። ያን ቀን ሰለሞን ወደ እኔ ጠቁሞ «እሳቸው ይግቡ። የልጄን ፊት አይተዋል» አለ። ስለዚህ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። የፊት መስታወት ስላልነበራት በእኔና በውጪው መካከል ምንም አልነበረም።

ደምሴ አልቀመጥም አለ። «እኔ አልገዛሁም፣ አልሸጥኩም። ለምን እቀመጣለሁ?»

«እንደፈለግህ ጌታው። ብቻ ብርሃን አትከልክለኝ» አሉት ጋሽ ኃይሉ። አግዳሚው ለሁለት ሰው ነበር የተሠራው። ለሦስተኛ ሰው ሥርዓት አልነበራቸውም።

መብራት ኃይል ጠፍቶ፣ ሰማዩም ጠቁሮ፣ ጋራዡ ድንግዝግዝ ብሏል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጋሽ ኃይሉ ከኋላ ወንበር ሥር ካለው ባትሪ ጀመሩ። «አብሪ» ይሉኛል፣ አበራለሁ፤ «አጥፊ» ይሉኛል፣ አጠፋለሁ። መብራቶቹ እንደ ጭላንጭል ቢጫ ይሉና ይጠፋሉ።

«ጋሼ፣ ለእሷ ሻማ ቢገዛላት ይሻላል» አለ ከድር።

«አንተ ጎማህን ንፋ።»

«ምሳው ቀዘቀዘ እኮ» አሉ እትዬ ውድነሽ።

«የቮልስ ሠሪ ትኩስ በልቶ ያውቃል?»

ናትናኤል ሳቀ። ሰለሞን እንኳን ከንፈሩ ላላ ሲል አይቻለሁ። ያ ሳቅ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እላለሁ።

ከዚያ ጋሽ ኃይሉ በእግሬ አጠገብ አጎንብሰው ከዳሽቦርዱ ሥር የፊውዙን ሳጥን ከፈቱ። ቀና ብለው በሁለት ጣታቸው አንድ ነገር አሳዩ።

«ፊውዙ በሲጋራ ብር ወረቀት ተጠቅልሏል» አሉ።

ሰለሞን ብድግ አለ።

«ተቀመጥ። ይሄ መኪና ያቃጥላል እንጂ መብራት አያጠፋም። ያጠፋውን ገና አላገኘሁትም። መመለሻውን ልይ» አሉት። ሰለሞን ሊቀመጥ ዝቅ አለ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለ እሱም እመሰክራለሁ።

«ልጁ ያጨሳል?» አለ ደምሴ።

«እሱ አያጨስም። ይሄ የአባቱ ሥራ ነው። ያኔም ነግሬዋለሁ፤ ፊውዝ የሚቃጠለው መኪናው እንዳይቃጠል ነው ብዬ።»

«እንግዲያው የሰካራም ልጅ የአባቱን ተንኮል ወርሶ ነዋ የሸጠልን።»

«አባቴን አትጥራ» አለ ናትናኤል። እንደተቀመጠ ነው ያለው።

ደምሴ በቴስታ መታው። የግራ ቅንድቡ ተከፈተና ደሙ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ከአግዳሚው ወድቆ ሳይነሣ ሰለሞንም የሴት ልጁ ፊት ታየው መሰለኝ፣ ገብቶ ሆዱን ረገጠው። ከድር ሊይዛቸው ሲሞክር ደምሴ ጉሮሮውን በክርኑ ብሎት ጎማዎቹ ላይ ጣለው። እትዬ ውድነሽ የምሳውን ዕቃ ጥለው ይጮሃሉ። እኔ ከመኪናዋ ልወጣ በሩን ብጎትት አሮጌ በር ነውና አልከፈት አለኝ። ልጄ እየዳኸ የከድርን ጎማ መፍቻ አገኘ። ደሙ ሁለቱንም ዓይኖቹን ደፍኖታል። ተነሥቶ ያን ብረት በጭፍኑ ማወዛወዝ ጀመረ፤ አፉ የማይሆን ድምፅ ያወጣ ነበር። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። በባለቤቴ ሌሊቶች ሰምቼዋለሁ። ደምሴ ደግሞ ከመሬት የመኪና ማንሻ ክሪክ እጀታ አነሣ።

ጋሽ ኃይሉ ወደ መኪናዋ ፊት ዞረው፣ ኮፈኑን ከፍተው አጎንብሰዋል። «ተዉ» እያሉ በብርጭቆ ወረቀት የሆነ ነገር ሲፍቁ በጎን መስኮቱ አንገቴን አውጥቼ አያለሁ። ለምን ሥራውን ጥለው ወዲያው እንዳልገቡ ብዙ አስቤበታለሁ። መብራቱ ከበራ ይቆማሉ ብለው ይመስለኛል። ብሎኑን በጣታቸው አጠበቁ፣ ኮፈኑን በክርናቸው ዘጉት።

«አብሪ» አሉኝና እጃቸውን ዘርግተው መሀል ገቡ።

አበራሁ። ሁለቱም በሩ። ነጭ ብርሃን ነበር፤ ያቺ መኪና እንዲያ ስታበራ ከገዛናት ጀምሮ አላየሁም። በዚያ ብርሃን ያየሁት ይህ ነው። ናትናኤል ከጋሽ ኃይሉ ፊት፣ በቀኝ ፓራፋንጎ፣ ከፊት ጎማው በላይ ባለው ቆርቆሮ በኩል ነበር። ደምሴ ከጀርባቸው ነበር፤ እጀታውን ያነሣው በእርሳቸው ትከሻ ላይ አሳልፎ ልጄን ለመምታት ነው። ጋሽ ኃይሉ ወደ ልጄ ሲንጠራሩ የእጀታው መንገድ ውስጥ ገቡ። የናትናኤል ብረት ቀኙ ፓራፋንጎ ላይ፣ ከመብራቱ በላይ ወረደ። የደምሴ ብረት የጋሽ ኃይሉ ማጅራት ላይ ወረደ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆነው ተሰሙ። ቀኙ መብራት ተንቀጠቀጠ፤ አልጠፋም። ናትናኤል እጁን ሆን ብሎ አዙሮት ይሁን ፈጣሪ አዙሮለት አላውቅም። ፓራፋንጎው ላይ ግን ነው ያረፈው።

ልጄ በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ። እግሩ ሥር ጋሽ ኃይሉ በግንባራቸው ተደፍተው፣ ከጆሯቸው ደም ይወርዳል። በእጁ ብረት ይዟል። ወደ እኔ ተመለከተ፤ መብራቱ ፊቱ ላይ ስለነበር እኔን አላየኝም።

«እማዬ፣ የአባዬ እጅ ነው» አለ።

«አይደለም ናቲ» አልኩ። ዝናቡ፣ ጩኸቱ፣ አልሰማኝም። ብረቱን ጥሎ ወጣ፤ ወደ ላፍቶ ቁልቁል ሮጠ። ስልኩ አግዳሚው ላይ ቀርቷል።

ደምሴ በመጀመሪያ ለፖሊስ የሰጠው ቃል «የመታቸው እሱ ነው» የሚል ነበር። እኔ ያየሁትን ተናገርኩ፤ እናት ናት ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ያኔ የጋሽ ኃይሉን ትምህርት አሰብኩና አንድ በአንድ ሄድኩበት። ማን የት ቆመ፣ ማን ምን ያዘ፣ የቱ ብረት የት አረፈ። መርማሪውን ወደ ጋራዡ ወስጄ የተሰረጎደውን ፓራፋንጎ አሳየሁት። ጎማ መፍቻው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተጣብቋል። ደም የለበትም። ደሙ የክሪኩ እጀታ ላይ ነው።

ጋሽ ኃይሉም ሆስፒታል ትንሽ ሲነቁ በራሳቸው አፍ ተናገሩ። «የመታኝ ከኋላዬ ነው። ናቲ ከፊቴ ነበር። እሱ አልነካኝም።» መርማሪው ሲወጣ በጣታቸው ጠሩኝ።

«የናቲ እናት፣ ሁለቱም በሩ?»

«በርተዋል ጋሼ።»

«ቀለም ነበር። ሁለቱ መመለሻዎች የታሰሩበት ብሎን ሥር ቀለም ገብቶበታል። ቀለም ቀቢው ፈትቶ ከቀባ በኋላ መልሶ አሰረውና መንገዱን ዘጋው። ማንም ማንንም አላታለለም። ለሰለሞን ንገሪው።» ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገሩም።

ለሰለሞን ነገርኩት። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ እትዬ ውድነሽ እግር ላይ ወደቀ። እትዬ ጎንበስ ብለው ትከሻውን ያዙት። «አውርደው። ኃይሉ ሰው ሲጎብጥ ማየት አይወድም ነበር። ልጅቷ እንዴት ናት?» አሉት። ዓይኗ ድኗል። ደምሴም በኋላ ቃሉን አስተካክሎ፣ እኔ ነኝ ብሎ ታስሯል። በእሱ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ጋሽ ኃይሉ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። አንድ ጊዜ በእኔ ፈንታ ከንፈርዎ ተሰነጠቀ፤ ሌላ ጊዜ በልጄ ፈንታ ወደቁ። ይህን በምን እንደምመልስ ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። መፈተሻዎን ከድር ይዞታል፤ እትዬ ፈቅደውለታል። ሰው አምፖል ገዝቶ ሲመጣ «ቆይ፣ አትገምት» ሲል ሰምቼው አለቀስኩ። አግዳሚውን አስረዝመነዋል። አሁን ሦስትም አራትም ሰው ያስቀምጣል። ቮልሷ ጋራዥዎ ውስጥ ናት፤ ሰለሞን ፓራፋንጎው ሳይቃና ይቆይ ብሏል፣ ልጄ መጥቶ በዓይኑ እስኪያየው። መሄጃውን አውቄያለሁ ጋሼ፤ እስከ ላፍቶ ቁልቁለት ድረስ። የቀረኝ መመለሻው ነው። አፈሩ ይቅለልዎት።

ይህን የምትሰሙና የምታነቡ ሁሉ፣ ልጄ ናትናኤል ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ጠይም፣ ቁመቱ መካከለኛ ነው። የግራ ቅንድቡ ላይ የተሰፋ ወይም ያልተሰፋ ጠባሳ ይኖረዋል። ሲወጣ ቡናማ ጃኬት ለብሶ ነበር፤ የክረምት ልብስ አልያዘም። በታክሲ ተራ፣ በጠበል ቦታ፣ በግንባታ ሥራ ላይ ያየው ሰው ካለ፣ ማንም እንደማይፈልገው ይንገረው፤ ከእኔ በቀር። የመታው ፓራፋንጎውን እንደሆነም ይንገረው። ያለበትን የምታውቁ፣ ለእትዬ ውድነሽ ወይም ለከድር መልእክት ተዉልኝ።